ሦስት ቁልፍ

ሠላሳ ስምንት ቁልፍ ወገቤ ላይ አለ፣
አንዱ የምን እንደሆን ለእኔም ያልተባለ።
"አብ ባይት" ይሉኛል፣ የቤት አባት ማለት፤
መክፈትና መዝጋት ነው ሥራዬ ዕለት ዕለት።
አፉላ፣ ከኮረብታው ግርጌ፣ ባለሁበት ትምህርት ቤት
የጠፋ ጓንት፣ የጠፋ ኮት፣ የጠፋ ደብተር
እኔ ዘንድ ነው የሚገኝ፣ ከመጋዘኑ በር።

እኔም የምፈልገው ነበረኝ ለብቻዬ፤
ልጆቹ ሲወጡ፣ ሲያበቃ ጠረጋዬ፣
ከጸሐፊዋ ክፍል፣ ካረጀው ኮምፒዩተር፣
ከሰማይ በተነሳ ካርታ ላይ ስዞር፣
ወንዝ በወንዝ፣ ጣት በጣት ሱዳንን ስመትር
ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ።

ከገዳሪፍ ወዲህ፣ ውሃ የሌለው ወንዝ
ክርኑን የሚያጥፍበት፣ እንደ ሰው ሲተክዝ፤
ሦስት ዛፍ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ።
እዚያ ነው ያስቀመጥነው፣ ሌሊት፣ በችኮላ፣
አባቴ በሳህን ሲምስ፣ እናቴ በነጠላ
እግሩን ስትሸፍን። የስድስት ዓመት ልጅ።
ምልክት አላቆምንም፤ ጥለን ሄድን እንጅ።
ታናሼ። አለልኝ።

ሳገኘው አልጻፍኩትም፤ አድራሻም የለው።
ትሩን ክፍት ተውኩት፤ ክፍት በር ብርቅ ነው
ዘግቶ ለሚኖር ሰው።

ማክሰኞ ማታ ገባሁ፣ ባልዲዬን አኖርኩ።
"ስንት ትር ነው የከፈትከው? ኮምፒዩተሩ እኮ አዛገ!
አንድ በአንድ አጸዳሁልህ" አለችኝ ዚቫ፣ ቦርሳዋን ይዛ።
ክፋት የለባትም። እኔም የሰው ጠረጴዛ
ሳጸዳ ስንቱን ብጣሽ ጥያለሁ፣
ምን እንደተጻፈበት ሳላይ።

ነጭ ገጽ። ልቤ ትር ትር አለ።
ናታንያ ላለች ልጄ ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ነበረች፣
"አባዬ፣ ታሪክህ ውስጥ ፈልገው" ብላ ዘጋች።
የትኛው ታሪኬ ውስጥ?

አጋም በሩ ላይ ቆማለች፣ የስድስተኛ ክፍል፣
የሱፍ ቅርፊት አሁን በጠረግኩት ላይ ስትጥል።
(አጋም በእሷ ቋንቋ ሐይቅ ነው፤
በእኔ፣ እሾህ መሃል የሚለቀም ፍሬ።)
"ምን ጠፋብህ?" አለች።
"አንድ ቦታ" አልኳት።
"ሦስት ቁልፍ ነው፣ ባንዴ" ብላ ጣቶቿን ዘረጋች።
ሠላሳ ስምንት ተሸክሜ እነዚህን አላውቅም።
ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ቲ።

በመጨረሻ የተዘጋው አስቀድሞ ይመጣል።
የማቀዝቀዣ ላስቲክ፣ ዋጋውና ልኩ።
እንደገና፦ ወደ ሃደራ የሚሄድ አውቶቡስ።
እንደገና፦ ለባለቤቴ የጥርስ ሐኪም ወረፋ።
እንደገና፦ ሻጋታ ከግድግዳ በምን እንደሚጠፋ።
እንደገና፣
ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣
መንገዱን ከእኔ ይልቅ እሷ የሄደችው ይመስል።

ሰባተኛው ላይ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቆመ። ማኘኳን አቆመች።
ግራጫ አራት ማዕዘን፤ ከጎኑ ሌላ ግራጫ፤
ከዚያ አሸዋ፣
ከዚያ የወንዙ ክርን፣
ከዚያ ዛፍ። ዛፍ።
ሦስተኛው እስኪመጣ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

"ይህቺን ኮከብ ስትነካት ከእንግዲህ አይጠፋም፤
ስም ግን ትጠይቃለች፣ ያለ ስም አትቀበልም።"
ቀረብ ብላ አየች፤ አቧራ ነው ያየችው።
"ባዶ ነው እኮ። ምን አለ እዚህ?"

"አለልኝ" አልኳት።

ጻፈችው በአንድ ጣት፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
እናቷ ከደጅ ጡሩምባ እየነፋች ስትጣራ።
የሱፉን ቅርፊት ያን ማታ አልጠረግኩትም።